አምስት ከአምስት የሚሞቅ ቤት

እኛ ሐበሾች ስንጠየቅ የምንመልሰው ለጥያቄው አይደለም፤ ለጠያቂው ነው። አላመኑኝም? እንግዲያው ሆስፒታል ይሂዱና እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ ሰው ይጠይቁ። "እንዴት ነህ?" ይበሉት። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይልዎታል። አልፎ ተርፎም "እናንተስ? ልጆቹ ደህና ናቸው? በዚህ ብርድ ምን አስወጣችሁ?" ብሎ ለእርስዎ ያዝንልዎታል። ሁለቱም እግሮቹ ተሰብረው ቢሆን ኖሮ "በጣም ደህና ነኝ" ማለቱ አይቀርም ነበር። ታዲያ እንዲህ ባለ ሕዝብ መካከል መጠይቅ በትኖ እውነት ሊለቅም የሚነሳ ሰው ምን ይባላል? ስሙን እናንተ አውጡለት፤ ሰውየው ግን እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። እኔ አዲስ አበባ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ የመጣሁ፣ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምትባል ከተማ ውስጥ ደግሞ በአንድ ሆቴል የጥገና ክፍል የተቀጠርኩ ሰው ነኝ። በዚህ አገር የሆቴል ጥገና ክፍል "ኢንጂነሪንግ" ነው የሚባለው። ደረቴ ላይ ያንጠለጠሉልኝ ባጅም "ኢንጂነር" ይላል። ፎቶውን ለእናቴ ብልክላት ሰፈሩን ሁሉ አዞረችው። የተዘጋ ሽንት ቤት ስከፍት እንደምውል ባጁ አልተናገረም፤ እኔም ከባጁ በላይ አልተናገርኩም።

ስምንት ዓመት ሙሉ አምፖል ስቀይር ከኖርኩ በኋላ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ማስተርስ ጀመርኩ። ሳይቸግር ያልኩት እንኳ ለኩራቴ ነው፤ ቸግሮኛል። የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ የሚነድፍ አንድ ቢሮ ወረቀቶቼን አገላብጦ "ማስተርስህን የያዝክ ለት ና፤ ሥራው ያንተ ነው" ብሎኝ ነበር። ስለዚህ በየቀኑ የምቆጥረው የቀሩኝን ኮርሶች ነበር። አሥር ቀሩ፣ አምስት ቀሩ፣ ሁለት ቀሩ። በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረችኝ፤ የጥናት ዘዴ የምትባል።

የጥናት ዘዴ ምንድን ነው? እኛ ድሮ ስንማር ዕውቀት ማለት መምህሩ ያለውን ሳያዛንፉ መመለስ ነበር። እዚህ ግን መምህሯ ራሷ ያለችውን ብትመልሱላት እንኳ "በምን አወቃችሁ?" ትላለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽበቷን ያላቀለመች ፕሮፌሰር ናት። አንድ ቀን ካፖርቴ ላይ የተቆለለውን በረዶ እያራገፍኩ ገብቼ "ዛሬ ደግሞ ብርድ ነው" ብላት "በምን አወቅህ?" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሷ ግን መልስ እየጠበቀች ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ይቺ ሴትዮ ባሏ "እወድሻለሁ" ቢላት ማስረጃ ሳታይ አትቀበልም።

በመጀመሪያው ቀን የነገረችን ደግሞ ይህን ነበር። ብትሳሳቱ አልጥላችሁም፤ ስህተት የሳይንስ ወጉ ነው። መረጃ ከፈበረካችሁ ግን ጉዳያችሁ ከእኔ እጅ ወጥቶ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል፤ ከኮሚቴ የሚመለስ ደግሞ ጥቂት ነው። እኔ ይህን ስሰማ አልደነገጥኩም። ለምን እደነግጣለሁ? እኔ ምን ቸግሮኝ እፈበርካለሁ? ያገሬ ሰው ሞልቶልኝ!

ለጥናቴ የመረጥኩት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ አንድ ጡብ ሕንፃ ነው። አርጅቷል። አንድ የማሞቂያ ቦይለር ብቻ ነው ያለው፤ ሙቀቱ ቦይለሩ አጠገብ ያሉትን ቤቶች አዳርሶ ወደ ሰሜኑ ክንፍ ሲደርስ ይደክመዋል። በሰሜኑ ክንፍ ደግሞ ሠላሳ የሐበሻ ቤት አለ። እነዚያን ቤቶች ዘመድ ልጠይቅ እየሄድኩ አውቃቸዋለሁ። ክረምት ሲገባ ሰው ካፖርቱን የሚያወልቀው ቤቱ ሲገባ ሳይሆን ቤቱን ለቆ ሱቅ ሲገባ ነው። ብርዱን በመጠይቅ አሳያለሁ፣ ከዚያ የቧንቧውን ስሌት እሠራለሁ፣ ከዚያም ጥናቱን ለሕንፃው አስተዳደር፣ እኛ ኦፊስ ለምንለው፣ አስገባለሁ ብዬ አሰብኩ። እኔ ዲግሪዬን፣ እነሱ ሙቀታቸውን። ከዚህ የበለጠ ጽድቅ አለ?

መጠይቁን በአንድ በኩል በእንግሊዝኛ፣ በጀርባው በአማርኛ አዘጋጀሁት። የመጀመሪያው ጥያቄ "አሁን በቤትዎ ውስጥ ያለው ሙቀት እንዴት ነው?" ይላል። ከሥሩ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ተደርድሯል። አንድ በጣም ይበርዳል፣ ሦስት ልክ ነው፣ አምስት በጣም ይሞቃል። መልስ ሰጪው አንዱን ቁጥር ይከባል፣ ከታች ስልኩን ይጽፋል። ሕፃን ልጅ የማይሳሳተው ነገር ነው። እውነትም ሕፃን ልጅ አልተሳሳተበትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሠላሳና ጥቂት ትርፍ ቅጾች ታቅፌ ሦስተኛው ፎቅ ላይ እትዬ አስካለ ዘንድ ጎራ አልኩ። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስድሳ ያለፋቸው እናት ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ነገር ግን በዚያ ክንፍ ክርስትናም፣ ልቅሶም፣ የጎረቤት እርቅም ያለሳቸው አይሆንም። ቅጾቹን አየት አድርገው "ይሄ የፈተናህ ነው?" አሉኝ። የፈተናዬ ነው፣ ከዚህ በኋላ ምንም አልቀረኝም አልኳቸው። ጥቅሉን ከእጄ ወስደው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። "እንግዲያው አንተ በዚህ ብርድ በር ለበር ስትንከራተት አትውልም። እኔ አስሞላዋለሁ፤ ረቡዕ መጥተህ ውሰድ" አሉ።

መጽሐፉ አጥኚው መጠይቁን በራሱ እጅ ይበትን፣ በራሱ እጅ ይሰብስብ ይላል። አንብቤዋለሁ፤ በቢጫ ቀለም አስምሬበታለሁም። ግን መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች እትዬ አስካለን አያውቋቸውም። "አይ፣ እናቴ፣ እርስዎ ያዛቡብኛል" ይባላል እንዴ? እሺ ብዬ፣ ያቀረቡልኝን በልቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

ረቡዕ ከሥራ በቀጥታ በረርኩ። ፖስታው ታሽጎ ይጠብቀኛል፤ ሠላሳ ቅጽ፣ አንድ ሳይጎድል። ፕሮፌሰሯ ጥሬ መረጃውን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ካላስገባን አትቀበልም፤ ሰዓቱ ደግሞ አሥር አልፏል። ቤተ መጻሕፍት ሮጬ ሁሉንም ስካን አድርጌ ላክሁ። ውስጡን አየሁት? ፖስታ የሚያድል ሰው የሰው ደብዳቤ ከፍቶ ያነባል? እኔም አላነበብኩም።

ማንበብ የጀመርኩት በማግስቱ ነው። ኮምፒዩተሬን ከፍቼ መልሶቹን ማስገባት ያዝኩ። የመጀመሪያው ቤት አምስት። ደህና፣ የሚሞቀው ሰው አይጠፋም። ሁለተኛው አምስት። ሦስተኛው አምስት። አሥረኛው ላይ ስደርስ በዚያ ሁሉ ብርድ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ሠላሳው ሰው ያለ አንድ ተቃውሞ አምስትን ከቧል። በጥር ወር፣ በረዶ መስኮቱን ሸፍኖት፣ ሠላሳ ቤተሰብ በሙቀት ሊሞት ነው። አማካዩ አምስት፣ ልዩነቱ ዜሮ። ግራፍ እሠራለሁ ብል የወጣልኝ አንድ ነጥብ ብቻ ሆነ።

ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። ገና ሳልጨርስ ደስታቸው ከስልኩ ውስጥ ፈሰሰ። "አምስት ከአምስት ነው ልጄ! ደፍነሃል! ማንም እንዳይቀንስብህ በየቤቱ ዞሬ ነግሬያለሁ። መኮንን ብቻ ሁለት ልክበብ ብሎ ሲያስቸግር፣ የሰው ልጅ ልትጥል ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁት፤ አስተካከለ።"

ቁጥሩ የፈተና ነጥቤ እንዳልሆነ፣ አምስት ማለት ቤቱ እንደ እሳት ይሞቃል ማለት እንደሆነ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። አንድ ቁጥርን ቢከቡ ኖሮ ኦፊሱ ማሞቂያውን ሊያሠራላቸው ይችል እንደነበርም ነገርኳቸው። እሳቸውም "እኛስ ብርዱን ለምደነዋል፤ አንተ ብቻ ተመረቅልን" አሉኝ። እንዲህ ለሚወድ ሰው ስለ ናሙና አመራረጥ ምን ይባላል? እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

የፕሮፌሰሯ ኢሜይል የደረሰኝ በዚያው ከሰዓት ነው። "ነገ ቢሮዬ እፈልግሃለሁ" ይላል። ሰላምታ የለውም።

ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ ቢጫ ወረቀት ዘርግታለች። እንዲህ አለችኝ። በሃያ ዓመት የማስተማር ዘመኔ ሠላሳ ሰው በአንድ ነገር ላይ ሲስማማ አላየሁም፤ ፀሐይ መውጣቷን ብትጠይቅ እንኳ አንዱ እርግጠኛ አይደለሁም ይላል። ስለዚህ ቅጹ ላይ ካሉት ስልኮች ለሦስቱ ደወልኩ። ከዚያ ቢጫውን ወረቀት ማንበብ ጀመረች።

የመጀመሪያዋ ሴትዮ እንግሊዝኛ እንደማይችሉ በጥሩ እንግሊዝኛ ለአምስት ደቂቃ አስረድተዋታል። ሁለተኛው ሰውዬ እዚያ ቤት ማንም አይኖርም፣ እኔም አልኖርም ብለዋል። ሦስተኛው ጋሽ መኮንን ናቸው። እሳቸው ያሉትን ቃል በቃል ጽፋዋለች። "አይ ዶንት ኖው ሂም። ቬሪ ጉድ ማን።"

እርስዎ ሐበሻ ከሆኑ ምን እንደተፈጠረ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ከማይታወቅ ቁጥር አንዲት ፈረንጅ ደውላ፣ እገሌ የሚባል ሰው ታውቃለህ፣ ቤትህ መጥቶ ነበር፣ ስንት ሰው ነው ቤቱ ውስጥ የምትኖሩት ስትል፣ የኛ ሰው ምን ይላል? ከኢሚግሬሽን ይሁን ከኦፊስ፣ ልጁ አንድ ነገር ውስጥ ገብቷል ይላል። ከዚያ ወዲያ ነፍሱን ቢያወጡት ስምዎን አይናገርም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እሰማ ነበር፤ የአንበሳውን ወገን ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር። በዚያች ቀን ሠላሳ ቤት በፍቅር አብሮ እጅና እግሬን አሰረኝ።

"ሰኞ ጉዳይህ ኮሚቴ ይገባል" አለችኝ። ስምንት ዓመቴ፣ ያ ቢሮ፣ እናቴ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ከየት እንዳመጣሁት ሳላውቅ "ፈብርኬው እንደሆነ በምን አወቅሽ?" አልኳት።

ቀና አለች። አራት ወር ሙሉ እኛን ስታስጨንቅበት የኖረችውን ጥያቄ መልሶ እሷኑ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም ደፋር ሆኜ ቀጠልኩ። የማላውቀውን ሰው አላውቀውም እላለሁ፤ የማላውቀውን ሰው ግን ጥሩ ሰው ነው ልል እችላለሁ? ወረቀትሽ ላይ ሁለቱም ተጽፏል፤ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጪ ኮሚቴ ትወስጂኛለሽ ወይ አልኳት። ቢጫውን ወረቀት ለረጅም ጊዜ አየችው። በመጨረሻ "ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሄጄ አያለሁ። ቀድመህ እንዳትደውልላቸው" አለችኝ።

አልደወልኩም። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በመኪናዋ ከኋላዬ ተከተለችኝ። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ እንደዚያ ቀን በጨዋነት ነድቼው አላውቅም። ባዶ መንገድ ላይ ሳይቀር ፍሬቻ አበራሁ።

እትዬ አስካለ በሩን ሲከፍቱ ሁለት ሹራብ ደርበው፣ በላዩ ጋቢ ተከናንበው፣ ጆሮ የሚሸፍን የሱፍ ቆብ አድርገው ነበር። ከኋላዬ ማስታወሻ ደብተር የያዘችውን ፈረንጅ አዩ። "ፈታኝህ ናት?" አሉኝ በአማርኛ። አስተማሪዬ ናት አልኳቸው። እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር ቆሜ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ጋቢው ወረደ። ቀጥሎ ቆቡ። ቀጥሎ አንደኛው ሹራብ። የሁለተኛውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ጠቀለሉ። ቤቱን ለማሞቅ ተከፍቶ እሳቱ የሚነድ የምድጃ በር ነበር፤ ባጠገቡ ሲያልፉ በጉልበታቸው ገፋ አድርገው ዘጉት። ከዚያ የማስታወቂያ ጋዜጣ አንስተው ፊታቸውን ማራገብ ያዙ። "ኡፍ! እንዴት ይሞቃል!" አሉ። ክንዳቸው ላይ ያለው ፀጉር በብርዱ ቆሟል።

ፕሮፌሰሯ ከቦርሳዋ ትንሽ ቴርሞሜትር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። ቴርሞሜትር ይሉኝታ የለውም፤ ሃምሳ ስድስት ፋራናይት አለ፤ በኛ አገር አለካክ አሥራ ሦስት ዲግሪ ገደማ ነው።

ሶፋው ላይ እስከ አገጯ ብርድ ልብስ የተከናነበች ቤቲ የምትባል ልጃቸው ነበረች። እዚሁ የተወለደች፣ ነርስ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። "ማሚ፣ ዋት አር ዩ ዱዊንግ? ኢትስ ፍሪዚንግ ኢን ሂር!" አለች።

እትዬ አስካለ ማራገባቸውን ሳያቋርጡ "ዝም በይ! የሰው እንጀራ ልትዘጊ ነው?" አሏት።

ፕሮፌሰሯ ምን አሉ ስትል ቤቲን ጠየቀቻት። ቤቲ የዚህ አገር ልጅ ናት፤ ስትጠየቅ ለጥያቄው ነው የምትመልሰው። እናቷ ያሉትን እንዳለ ተረጎመችው። ለምን አምስትን ከበቡ ስትባልም አንድ ሳታስቀር ነገረቻት፤ ነጥብ እንደመሰላቸው፣ በየቤቱ እንደዞሩ፣ ጋሽ መኮንንን እንዳስተካከሉት፣ ስልኩ ሲደወልም "ልጁን አሳልፋችሁ እንዳትሰጡ" ብለው ለሁሉም ቃል እንዳስተላለፉ። እትዬ አስካለ ቃሉ ባይገባቸውም ልጃቸው እየከዳቻቸው እንደሆነ ፊቷ ላይ አንብበዋል። አስተያየታቸው ቤቲን ብርድ ልብሱ ውስጥ የበለጠ አሰመጣት።

ፕሮፌሰሯ ጻፈች፣ ጻፈች፣ ደብተሯን ዘጋች። ወደኔ ዞራ "ቅጾቹ እውነተኛ ናቸው። ውሸቱ መልሶቹ ላይ ብቻ ነው" አለችኝ። ኮሚቴው ቀርቷል፤ ኮርሱን ለመጨረስ ግን ሠላሳውንም ቤት በቴርሞሜትር ለክቼ፣ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚመልስ አንድ ምዕራፍ ጽፌ ማቅረብ አለብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አለቀስኩ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ በረዶ የማይ መሰልኩ።

እትዬ አስካለ ግን ማልቀሴን አዩና ሌላ ነገር ተረዱ። ወደቀ አሉ በሆዳቸው። ወደ ማድ ቤት ገቡ። ትኩስ ምስር ወጥ አቀረቡ፤ ፈረንጇን በገዛ እጃቸው አጎረሷት፤ አንዴ አይበቃም ብለው ደገሙ፤ ሁለት ጠብ ያመጣል ብለው ሦስተኛውን ጨመሩ። ቤቲ ልታስጥላት ብትሞክር ሰሚ አላገኘችም። ፕሮፌሰሯ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ በበርበሬው ይሁን በሌላ እንጃ፣ አመስግና ተነሳች። ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆለፈች።

ይህን ጊዜ እትዬ አስካለ መሳቢያ ከፍተው ከትርፍ ቅጾቹ አንዱን አወጡ። የእንግሊዝኛውን ገጽ ወደ ላይ አድርገው፣ እስክሪብቶ ጨምረው ፊቷ አኖሩላት። "እሷስ እንግዳዬ አይደለችም? እሷም ትሙላ" አሉ። ቤቲ ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ሳበች።

ፕሮፌሰሯ ጥያቄውን አነበበች። አሁን በቤትዎ ውስጥ ያለው ሙቀት እንዴት ነው? ቴርሞሜትሩ አጠገቧ ቆሟል። እስክሪብቶውን የያዙት ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። እስክሪብቶው "አንድ" የሚለው ቁጥር ላይ ሄዶ ቆመ። ቀና ስትል እትዬ አስካለ እጅጌያቸውን እንደጠቀለሉ፣ ጋዜጣቸውን ይዘው፣ ሳይተነፍሱ እጇን እያዩ ነው። የጥናት ዘዴ አስተማሪዬ ትንሽ አሰበች። ከዚያ አምስትን ከበበች።

በማግስቱ ሪፖርቴን ከፈትኩና የመላሾች ብዛት በሚለው ቦታ ሠላሳን ሰርዤ ሠላሳ አንድ ብዬ ጻፍኩ።